ከቦሌ በር እስከ ገላን ሳሎን፤ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ፣ የሐጅ ጉዞና የዝግጅታችን ነገር

ለዛሬው ንግግር የተሰጠኝ ርእስ አገርን ለኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ስለ ማዘጋጀት የሚል ነው። ርእሱን በተቀበልሁ ጊዜ ወደ ልቤ ቀድሞ የመጣው ግን ዕቅድም ሰነድም አልነበረም፤ ገላን ከምኖርበት ቤት አጠገብ ያለ አንድ ሳሎን ነው። ከእርሱ እንድጀምር ፍቀዱልኝ።

ጎረቤቴ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ እናት ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጆቻቸው ገንዘብ አዋጥተው ሐጅ ላኳቸው። በተመለሱ ማግሥት እኔም እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ እንኳን በሰላም መጡ ለማለት ሄድሁ። እስከዚያ ቀን «እማማ» ስላቸው ኖሬ ከዚያ ወዲህ «ሐጃ» ብዬ ነው የምጠራቸው። ሳሎኑ ሙሉ ነበር። ከጅማ የመጡ ዘመዶች፣ ከአዳማ የመጣ የወንድም ልጅ፣ የእድሩ ሰዎች፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተን ተቀምጠናል። ከአንድ ትሪ ቴምር አነሣን፤ የዘምዘም ውኃ በስኒ ዞረ፤ ስኒው ከእንግዳው ቁጥር ያነሰ ስለ ነበር ለቅለቅ እየተደረገ ይመለስ ነበር። ሐጃ በወጋቸው መካከል ይስላሉ። «የሚና አቧራ ነው ልጄ፤ አብሮኝ የሄደው ሁሉ እየሳለ ነው የተመለሰው» አሉኝ።

በሳምንቱ ከቤቱ ሦስት ሰዎች ተኙ። የአዳማው ወጣትም ሥራ መቅረቱን ሰማሁ። እኔንም አራት ቀን አተኮሰኝ። ማንም አልተመረመረም። በሽታ ስለ መቆጣጠር የማስተምረው እኔ ራሴ ለማንም አልተናገርሁም፤ ጉንፋን ነው ብዬ ዝንጅብል አፍልቼ ጠጣሁ። ኋላ ግን አንድ ጥያቄ አልለቅ አለኝ። ያ ሳል ሰው ከዚህ በፊት ያልተዋወቀው ቫይረስ ቢሆን ኖሮ አገሪቱ የምታውቀው መቼ ነበር? ሐጃ በቦሌ ሲያልፉ አልነበረም፤ ያን ጊዜ ትኩሳት አልነበራቸውም። የምታውቀው ምናልባት ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ አንድ ወጣት አዳማ ላይ ትንፋሽ አጥሮት ሆስፒታል ሲገባ ነበር። እስከዚያ ድረስ ሳሉ ጅማም ደርሶ ይሆናል። የዛሬው ንግግሬ በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ላይ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። በአማርኛ ጉንፋን የምንለው ነገር ብዙ በሽታዎችን በአንድ ነጠላ የሚሸፍን ስም ነው። አፍንጫ የሚያዘንበው ተራ ጉንፋንም፣ ሰውን በአንድ ሌሊት አልጋ ላይ የሚጥለው ኢንፍሉዌንዛም በአንድ ስም ይጠራሉ። ስለዚህ ሕመምተኛው ወደ ጤና ጣቢያ አይሄድም፤ ቢሄድም መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ከሌሎች መቶ ሳሎች ጋር ተደባልቆ ነው። አባቶቻችን ግን አንድ ጊዜ ይህን ስም ትተው ሌላ ስም ለማውጣት ተገደዱ። ወደዚያ እመለሳለሁ።

የኢንፍሉዌንዛ ኤ ቫይረስ የዘር መረጃው በስምንት ቁራጮች የተከፈለ ነው። በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ይለወጣል፤ ይህ ወቅታዊውን ኢንፍሉዌንዛ ያመጣል። አልፎ አልፎ ግን የተለያዩ ሁለት ቫይረሶች፣ ለምሳሌ የወፍና የሰው ወይም የአሳማና የሰው፣ በአንድ ሕዋስ ውስጥ ይገናኙና ቁራጮቻቸውን ይለዋወጣሉ። ከዚያ የሚወጣውን ቫይረስ የማንም ሰውነት አያውቀውም። ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ የምንለው ከዚህ ይነሣል። ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ምልክት እስኪያሳይ ከአንድ እስከ አራት ቀን ይወስዳል፤ ሕመምተኛው ደግሞ ምልክት ከማሳየቱ አንድ ቀን ያህል አስቀድሞ ሌላውን ሊያስይዝ ይችላል። ከጅዳ እስከ አዲስ አበባ ያለውን አጭር በረራ ከዚህ ጋር አስተያዩት። በመጨረሻዋ ሌሊት የተያዘ ተጓዥ በሙቀት መለኪያው ፊት ጤናማ ሆኖ ያልፋል፤ ትኩሳት የጀመረውም ቢሆን ፓራሲታሞል ውጦ ያልፋል። የአየር ማረፊያ ምርመራ ከንቱ ነው አልልም፤ መረጃ ለመስጠትና የተጓዡን ስልክ ለመመዝገብ ጥሩ ቦታ ነው። ግድግዳ ነው ብሎ ማመን ግን ራስን ማታለል ነው።

አሁን ወደዚያ ስም ልመለስ። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አዲስ አበባን የመታው ወረርሽኝ ዛሬም «የኅዳር በሽታ» ይባላል። የአንደኛው የዓለም ጦርነት የቆመው በዚያው ወር ነው፤ በሽታውም ዓለምን ሁሉ ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ነበር። የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ከገባ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። ባሕሩ ለከተማይቱ ቀርቦ ነበር፤ ከባሕሩ ጋር የባሕሩ በሽታም ቀረበ። በከተማይቱ የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቈጠሩ ሲሆኑ ራሳቸውም ታመሙ፤ የሞቱም ነበሩ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በጽኑ ታመው ተረፉ፤ ኋላ ስለ ሕይወታቸው በጻፉት መጽሐፍ በአዲስ አበባ ብቻ ከአሥር ሺህ ሰው በላይ መሞቱን አስፍረዋል። ሪቻርድ ፓንክረስት ይህን ወረርሽኝ ከየምንጩ አሰባስበው ስላጠኑት ተማሪዎቼ ጥናታቸውን ፈልገው እንዲያነቡ እመክራለሁ።

ያ በሽታ ከሌላው ኢንፍሉዌንዛ የሚለየው ሽማግሌና ሕፃን ብቻ ሳይሆን በሃያና በአርባ ዓመት መካከል ያለውን ጎልማሳ መግደሉ ነው። ቤት የሚያስተዳድረው፣ ውኃ የሚቀዳው፣ መቃብር የሚቈፍረው ሰው ተኛ። ብዙ ቤት ያለቀው ከበሽታው ጽናት ብቻ አይመስለኝም፤ ውኃ የሚያቀብል ጤነኛ በመጥፋቱም ጭምር ነው። ይህ ለዝግጅት ትልቅ ትምህርት አለው፤ መድኃኒት በሌለበትም ጊዜ የሚያስታምም ሰው ነፍስ ያድናል።

ከዚያ ሁሉ ምን አስቀረን? በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን እናቃጥላለን፤ «ኅዳር ሲታጠን» እንላለን። ልጅ ሳለሁ በዚያ ማለዳ የሰፈሩን ጭስ እወደው ነበር። አሁን እንደ ባለሙያ ሳየው ግን ያዝናል፤ የሳንባ በሽታን መታሰቢያ ሳንባን በሚጎዳ ጭስ እናከብራለን፤ ድሮ ቅጠልና ጭራሮ የነበረው ዛሬ ፕላስቲክ ሆኗል። ሆኖም ልማዱን አልንቀውም። መቶ ዓመት ያለፈውን ወረርሽኝ በየዓመቱ በቀኑ የሚያስታውስ ሕዝብ ብዙ አይገኝም። የጎደለው ይዘቱ ነው። ያን ቀን መስኮት የምንከፍትበት፣ የታመመ ጎረቤትን ማን ያስታምማል ብለን በእድር የምንነጋገርበት ቢሆን ብዬ አስባለሁ።

ሐጅን ከወረርሽኝ ጋር ማንሣት ጥንቃቄ የሚሻ ነገር መሆኑን አውቃለሁ። ታሪኩ ግን ሁለት ገጽ አለው፤ ሁለቱንም ማየት ይገባል።

በ1857 ዓ.ም. ኮሌራ በመካ ተጓዦች መካከል ገብቶ አሥራ አምስት ሺህ ያህል ሰው እንደ ገደለ ይገመታል፤ ከዚያም በመርከብ ወደ ግብጽና ወደ አውሮፓ ተሻገረ። በማግሥቱ ዓመት ያው ወረርሽኝ በእኛም አገር ነበር፤ ጣና ዳር የሰፈረውን የአፄ ቴዎድሮስን ጦር መታውና ንጉሡ ሰፈራቸውን ወደ ደጋው፣ ወደ ደብረ ታቦር አቅጣጫ አነሡ። የአውሮፓ መንግሥታት ደግሞ በቁስጥንጥንያ ተሰብስበው መከሩ፤ ቆይቶም በቀይ ባሕር በካማራን ደሴት ተጓዦች ተለይተው የሚቈዩበት ጣቢያ ቆመ። ጣቢያው በሽታን ያዘገይ ይሆናል፤ ነገር ግን ተጓዡን እንደ ጭነት የሚቈጥር፣ ክፍያውን ከራሱ የሚቀበል፣ ክብሩን የማይጠብቅ ሥርዓት ስለ ነበር ሰዎች የሚሸሹት ሆነ። የሚሸሽ ሰው ደግሞ ሕመሙን አይናገርም።

ሁለተኛው ገጽ ለእኛ ይበልጥ ቅርብ ነው። በ1979 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ በሐጅ ወቅት የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ተነሣ። ባክቴሪያው ከተመላሾች ጋር ወደ አፍሪካ ገባ፤ በቻድና በሱዳን ከተዛመተ በኋላ በ1981 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ከ40 ሺህ በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። በዚህ አዳራሽ ካሉት በዕድሜ የገፉት ያንን ዓመት ያስታውሱታል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ብዙዎቻችን አናስተውለውም። የሳውዲ አረቢያ መንግሥት ክትባቱን የቪዛ ግዴታ አደረገው፤ በ1992 ዓ.ም. ሐጅ ሌላ ዓይነት ማጅራት ገትር ሲከሠት ግዴታው አራት ዓይነቶችን ወደሚከላከለው ክትባት ሰፋ። ዛሬ ከባሌም ከወሎም የሚነሣ ሐጃጅ ይህን ክትባት፣ ከእኛ አገር ለሚሄድ ደግሞ የቢጫ ወባውንም ጨምሮ፣ ሳይወስድ አይሳፈርም። ሐጅ በሽታ ያዛመተ ጉዞ ብቻ ሳይሆን፣ የጉዞ ክትባት በሥርዓት እንዴት እንደሚዳረስ ዓለምን ያስተማረ ጉዞም ነው።

በ2001 ዓ.ም. ይህ ሥርዓት በኢንፍሉዌንዛ ተፈተነ። ሰኔ 4 ቀን የዓለም ጤና ድርጅት ኤች1ኤን1 ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን ዐወጀ፤ በዚያው ወር በአገራችንም የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን ተረጋገጡ። ሐጁ የሚውለው ኅዳር 2002 ላይ ነበር፤ እንደገና ኅዳር። የሳውዲ ጤና ሚኒስቴር የውጭ ባለሙያዎችን ጅዳ ላይ ሰብስቦ መከረ። ጉዞው አልተከለከለም። አረጋውያን፣ ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና የቆየ ሕመም ያለባቸው ጉዞውን ወደ ሌላ ዓመት እንዲያቈዩ ተመከረ፤ ክትባት በተገኘበት ክትባት ተሰጠ። ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው ሐጅ አደረገ፤ የተፈራው ጥፋት አልደረሰም። ቫይረሱ ለዘብ ያለ መሆኑም ረድቷል፤ ይህን ሳይናገሩ ድሉን ሁሉ ለዝግጅት መስጠት ሐቀኝነት አይሆንም። በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ-19 ሲመጣ ግን ያው መንግሥት በየካቲት ዑምራን አቆመ፤ በዚያ ዓመት ሐጅ ያደረጉት በአገሩ ውስጥ የነበሩ ጥቂት ሰዎች ብቻ ናቸው። ሃይማኖቱም ለዚህ እንግዳ አይደለም። ወረርሽኝ ወዳለበት አገር አለመግባት፣ ካለበትም አለመውጣት ከነቢዩ የተላለፈ ትምህርት እንደ ሆነ ማንኛውም ኢማም ይነግራችኋል።

እዚህ ላይ የራሴን ፍርድ ልናገር። ሐጃጅ ለበሽታ ቁጥጥር ከተጓዥ ሁሉ የተመቸ ነው። በስም የተመዘገበ ነው፤ የሚሄድበትና የሚመለስበት ቀን የታወቀ ነው፤ በኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በኩል የተደራጀ ነው፤ አስቀድሞ ለክትባት ይሰበሰባል፤ መሪ አለው። ሊያስጨንቀን የሚገባው ዝርዝር የሌለው ተጓዥ ነው። ኅዳር 2006 ላይ፣ እነሆ ሌላ ኅዳር፣ ከሳውዲ አረቢያ የተባረሩ ወገኖቻችን በቦሌ መግባት ጀመሩ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ቁጥራቸው ከ160 ሺህ አለፈ። መርስ የተባለው የመተንፈሻ አካል በሽታ በዚያው አገር ከታወቀ ገና ዓመት ከጥቂት ወር ነበር። አብዛኞቹ ወጣቶች ነበሩ፤ ሌሊት ደርሰው በማግሥቱ ወደየክፍለ ሀገራቸው በአውቶቡስ ሄዱ። መርስ አብሮ አልመጣም። የሚተላለፈው ኢንፍሉዌንዛ ቢሆን ኖሮ በስንት ቀን የትኛው ገጠር በደረሰ እያልሁ ዛሬም አስላለሁ።

ያ መንገድ የሚያልፈው በእኛ ደጅ ነው። የአዲስ አበባን ካርታ ዘርጉት። የጅማ መንገድ በሰበታ፣ የአምቦና የነቀምት መንገድ በቡራዩ፣ የጎጃም መንገድ በሱሉልታ፣ የአዳማ፣ የሐረርና የባሌ መንገድ በገላን ይወጣል። አዲሱ የጅቡቲ ባቡር የሚነሣውም ከሰበታ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ እነዚህ ከተሞች ሸገር ከተማ በሚል አንድ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል፤ ኑሯቸው ግን ከአዲስ አበባ ጋር የተሳሰረ ነው። እኔ ራሴ ማለዳ በሚኒባስ ወደ ቃሊቲ እሄዳለሁ፤ ማታ እመለሳለሁ። ገላን የታመመ ሰው አቃቂ ባለው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ሊታከም ይችላል። ያን ጊዜ ሕመሙ የሚመዘገበው በአዲስ አበባ ነው፤ የተገናኛቸው ሰዎች ግን የሚኖሩት በኦሮሚያ ነው። ስሙን ተቀብሎ ቤቱ ድረስ የሚሄደው ማን ነው? ይህ የአንድ መሥሪያ ቤት ስንፍና አይደለም፤ በሁለት አስተዳደሮች ድንበር ላይ የሚኖር ሕዝብ ሁሉ ችግር ነው፤ መፍትሔውም ሁለቱ ወገኖች በሰላሙ ጊዜ ስልክ ቁጥር ተለዋውጠው፣ ዓመት በዓመት ልምምድ አድርገው ሲጠብቁ ብቻ የሚገኝ ነው።

ሰነድ አልጎደለንም። ግንቦት 1998 ላይ በጅቡቲ አንድ ሰው በወፍ ኢንፍሉዌንዛ መያዙ ሲረጋገጥ የእኛም ባለሙያዎች በዝግጅት ላይ ነበሩ፤ የዶሮ እርባታው ማእከል ቢሾፍቱ ከገላን የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ አይሞላምና ለዚህ አካባቢ ነገሩ የሩቅ ወሬ አልነበረም። ዓለም አቀፍ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ወዲያውኑ ሪፖርት ከሚደረጉ በሽታዎች አንዱ ነው፤ አገሪቱም በዓለም አቀፉ የጤና ደንብ መሠረት እንዲህ ያለውን ክሥተት ገምግማ በ24 ሰዓት ውስጥ ለዓለም ጤና ድርጅት ታሳውቃለች። በኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የኢንፍሉዌንዛ ላቦራቶሪ አለ፤ ከተመረጡ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ናሙና ይቀበላል። የጎደለው ከሐጃ ሳሎን እስከዚያ ላቦራቶሪ ያለው የመጀመሪያ እርምጃ ነው።

የዚያ እርምጃ ባለቤት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ናት። ፕሮግራሙ ከተጀመረበት ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ከ30 ሺህ በላይ ሴቶች በየቀበሌው ተሰማርተዋል። የእኛን ሰፈር የምትጎበኘዋን ልጅ ስለ ሐጃ ቤት ጠየቅኋት። አራት ሰው መተኛቱን ከእኔ በፊት ታውቅ ነበር። «ለምን አልመዘገብሽም?» ብላት «ጉንፋን የሚባል መደብ የለኝም መምህር፤ ደግሞስ ብመዘግበው ማን ይመልስልኛል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ትኩሳትና ሳል በአንድ ቤት ከሦስት ሰው በላይ ሲይዝ ወይም ከውጭ አገር በተመለሰ ሰው ቤት ሲታይ በዚያው ቀን የምትደውልበት አንድ ቁጥር፣ በማግሥቱ ናሙና የሚወስድ አንድ ሰው፣ ከሳምንት በኋላ ውጤቱን የሚነግራት አንድ መልእክት፤ ይህ ከሙቀት መለኪያ ካሜራ በዋጋ ያነሰ፣ በጥቅም ግን የበለጠ ይመስለኛል። ውጤት ያልተመለሰለት ዘጋቢ ሁለተኛ አይዘግብም።

ከጉዞ በፊት ደግሞ ሐጃጆች ለማጅራት ገትር በሚሰበሰቡበት ቀን የወቅታዊው ኢንፍሉዌንዛ ክትባት አብሮ ቢሰጥ መልካም ነው። በመደበኛው የክትባት መርሐ ግብራችን ውስጥ የለም፤ የሳውዲ ጤና ሚኒስቴር ግን ለተጓዦች ይመክረዋል። አዲስ ቫይረስ ቢመጣ ይህ ክትባት አያስጥልም። ሲመለሱ የሚስሉት ግን ይቀንሳሉ፤ የሚስለው ሲያንስ ያልተለመደው ሳል ቶሎ ይታያል። ለአዲስ ቫይረስ ክትባት ለማዘጋጀት ደግሞ ግማሽ ዓመት ያህል ይፈጃል፤ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ከዚያም ይቈያል። እስከዚያ ያለን ኦክስጅን፣ የተከፈተ መስኮትና የሚያስታምም ሰው ነው። በኮቪድ ዘመን የኦክስጅን ሲሊንደር ፍለጋ የተንከራተተ ቤተሰብ ይህን ከእኔ በላይ ያውቃል።

ስለ መስኮት ካነሣሁ አይቀር፤ በሚኒባስ ውስጥ መስኮት ስከፍት ከኋላዬ «ንፋስ ይመታናል» የሚል ድምፅ ሳይሰማ የቀረበት ቀን ትዝ አይለኝም። አሥራ ሁለት ሰው ተጠጋግቶ፣ አንዱ እየሳለ፣ እኛ የምንፈራው ንጹሑን ነፋስ ነው። ይህን እምነት በማስታወቂያ ብቻ አንነቅለውም፤ እኔ በክርክር ሞክሬ ሁልጊዜ ተሸንፌያለሁ።

የገላንን ፋብሪካዎች ደግሞ አስቡ። የቀን ሠራተኛው ታምሞ ቢቀር የዕለት ደመወዙ ይቀራል። «ቤትህ ተቀመጥ» የሚለው ምክር ለእርሱ «አትብላ» ማለት ነው። ስለዚህ የወረርሽኝ ዕቅድ ውስጥ የሕመም ፈቃድ ክፍያ ካልተጻፈ ዕቅዱ ለዚህ ሰው አልተጻፈም።

በመጨረሻ ወደ ሐጃ ልመለስ። ይህን ንግግር ሳዘጋጅ ሄጄ ጠየቅኋቸው፤ ወደፊት ከሐጅ የሚመለስ ሰው አንድ ሳምንት እንግዳ ሳይቀበል ቢቈይ ይሆናል ወይ? ደነገጡ። «እንግዳ ከደጄ ልመልስ? እንኳን ሐጅ አድርጌ እንዲሁም አላደርገውም» አሉ። መጋቢት 2012 ላይ በጎዳናችን የውጭ አገር ሰዎች በበሽታው ስም ሲሰደቡ አይተዋልና፣ «ሐጃጅም እንደዚያ ሊባል ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። እንዳይባል ነው አልኋቸው። ዝም ብለው ቈዩ። ከዚያ ግቢያቸውን በእጃቸው አመለከቱኝ። «የእድሩ ድንኳን አለ አይደል? ለለቅሶ የምንተክለው ለሐጅ ቢተከልስ? ሰዉ ውጭ ይቀመጥ፤ ስኒውንም ልጆቹ በደንብ በሳሙና ይጠቡት፤ እኔ ከሳልሁ ራቅ ብዬ እቀመጣለሁ።»

በክረምት ዝናቡን ምን እናድርገው ብዬ ነበር፤ ለዚያ ገና አልተስማማንም። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።